ማይክሮ አር ኤን ኤ፦ ስለ በሽታ መከላከያችን የሚወሩ ስህተቶች

«ይሄ ያ የኮቪድ ክትባቱ ነገር አይደል?»

አይደለም። መምታታቱ ግን አይገርምም፤ የ2023ቱን የህክምና ኖቤል ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይዝማን በክትባቱ ኤም አር ኤን ኤ ወሰዱ፣ በዓመቱ ደግሞ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ሩቭከን በማይክሮ አር ኤን ኤ። ኤም አር ኤን ኤ ፕሮቲን የሚሠራበትን ትእዛዝ ይዞ ይሄዳል። ማይክሮ አር ኤን ኤዋ ግን 22 ገደማ የኬሚካል ፊደል ብቻ ያላት አጭር የአር ኤን ኤ ቁራጭ ናት፤ ትእዛዙ ላይ ተለጥፋ እንዳይፈጸም ታደርገዋለች ወይም እንዲበጣጠስ ታደርጋለች።

«ጀርም ትገድላለች»

በሰው ላይ ዋና ሥራዋ የራሳችንን ጂኖች መቆጣጠር ነው። ባክቴሪያ ሲገባ ቀድመው የሚደርሱት እንደ ማክሮፋጅ ያሉ ነጭ የደም ሴሎች ምን ያህል እንደሚቆጡና መቼ እንደሚበርዱ ላይ እጇ አለበት።

«መከላከያ አቅም በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው»

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል፣ ስንት ዱቄትና ሽሮፕ የሚቸበቸበው በዚህ ወሬ ነዋ! የአሜሪካዊው ባዮሎጂስት የዴቪድ ባልቲሞር ቤተ ሙከራ በ2006 ያሳየውን እንይ። ሴሎች የባክቴሪያ ሽፋን ቁራጭ ሲያጋጥማቸው ኤን ኤፍ ካፓ ቢ የሚባለው ፕሮቲን ይነሳና ብግነት የሚያመጡ ጂኖችን ያስነሳል፣ ሚአር-146ኤ የተባለችውን ማይክሮ አር ኤን ኤም አብሮ ያስመርታል፤ እሷ ደግሞ ዞራ መልእክቱን የሚያቀባብሉትን ትራፍ6 እና ኢራክ1 የተባሉ ፕሮቲኖች ትቀንሳለች። ሴሉ ነዳጅ ሲረግጥ ፍሬኑንም ያዘጋጃል ማለት ነው። ይህች ፍሬን የሌላቸው አይጦች ጀግና አልሆኑም፤ ለዚያው ቁራጭ ከልክ በላይ ይቆጣሉ፣ ውሎ አድሮም መከላከያቸው የራሳቸውን አካል ያጠቃል። ሚአር-155 የተባለችው ሌላ ማይክሮ አር ኤን ኤ ተቃራኒዋ ናት፤ ሶክስ1 የተባለውን ከልካይ ፕሮቲን ስለምትቀንስ ብግነቱን ታጋግላለች። እሷ የሌለቻቸው አይጦች ደግሞ ለሳልሞኔላ ቢከተቡም ክትባቱ አላዳናቸውም።

«ቢያንስ ሁሌ የእኛ ወገን ናት»

ሄፓታይተስ ሲን ጠይቁ። ጉበት ውስጥ የሞላችውን ማይክሮ አር ኤን ኤ፣ ሚአር-122ን፣ ቫይረሱ የራሱ አር ኤን ኤ ጫፍ ላይ ይለጥፋትና ከመበጣጠስ ትጠብቀዋለች። ይህ በ2005 ታወቀ፣ እሷን የሚያፍን ሚራቪርሰን የተባለ መድኃኒትም ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ ቫይረሱን ቀነሰ። የቲቢ ባክቴሪያም ተንኮለኛ ነው፤ ማክሮፋጁ ውስጥ ተቀምጦ ሚአር-33ን ያስጨምራል፣ በዚህም ሴሉ የዋጠውን የሚፈጭበት ኦቶፋጂ የተባለው ሂደት ይዳከማል።

በምግብ ትገባለች የሚባለውስ? በ2012 የሩዝ ማይክሮ አር ኤን ኤ ሰው ደም ውስጥ ተገኘ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። ሌሎች ቡድኖች ደግመው ሲሞክሩት ግን አልተሳካላቸውም።