ፍሪዘር ሁሉን አያድንም፦ በፕላዝማ ስለነቃ ውሃ የምሰማቸው ስህተቶች

በፕላዝማ የነቃ ውሃ ላይ እንደምሠራ በተናገርኩ ቁጥር የሚከተለው ጥያቄ አንድ ነው። «ስንት ጊዜ ይቆያል?» አፌን ከመክፈቴ ጠያቂው ራሱ ይመልሰዋል። «ፍሪዘር ውስጥ ከገባማ ምን ይሆናል!» ብዙ ይሆናል። እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ነገሩን ለማያውቅ ሰው። አየር ወይም እንደ አርጎን ያለ ጋዝ ውስጥ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲለቀቅ ጋዙ ፕላዝማ ይሆናል፤ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት፣ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ። መብረቅም ፕላዝማ ነው፤ እኛ የምንጠቀምበት ግን ቀዝቃዛውን ዓይነት ነው። ይህን ከውሃ ጋር ለጥቂት ደቂቃዎች ስናገናኘው ውሃው ውስጥ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ እንዲሁም ናይትራይትና ናይትሬት የሚባሉ የናይትሮጅንና የኦክሲጅን ውህዶች ይፈጠራሉ። ውሃው አሲዳማ ይሆናል፣ ባክቴሪያም ይገድላል።

«ከደም ነው የሚወጣው?» አይደለም። የደም ፈሳሽ ክፍልም ፕላዝማ ይባላል፤ ስማቸው ብቻ ነው የተገናኘው።

«ኬሚካል የለበትም።» ታዲያ ባክቴሪያውን የገደለው ምርቃት ነው? ኬሚካሉ ከፋብሪካ በጀሪካን አልመጣም እንጂ እዚያው ከአየርና ከውሃ ተሠርቷል።

«99.9 በመቶ ገደለ ማለት ጨረሰ ማለት ነው።» ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ አንድ ሺህ ተርፏል ማለት ነው። ስፖር (ባክቴሪያው ጠንካራ ሽፋን ለብሶ የሚያንቀላፋበት መልክ) እና ባዮፊልም (ባክቴሪያዎች ተጣብቀው የሚሠሩት ሙጫማ ንብርብር) ደግሞ ከዚህም በላይ ያስቸግራሉ።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ። በአሲዳማ ውሃ ውስጥ ፐርኦክሳይድና ናይትራይት ዝም ብለው ጎን ለጎን አይቀመጡም። ተያይዘው ፐርኦክሲናይትረስ አሲድ ይሠራሉ። የዚህን ውሃ ጉልበት በዋናነት የሚሰጠው ይህ ነው። ዕድሜው ግን እጅግ አጭር ነው፤ አብዛኛው ወዲያው ወደ ናይትሬት ይለወጣል። ልብ በሉ፦ ባክቴሪያ የሚገድለውና ውሃውን የሚያደክመው አንዱ ሂደት ነው። ጠርሙሱ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ውሃው ሥራውን ጀምሯል፤ የሚገደል ባክቴሪያ ግን አጠገቡ የለም።

ማቀዝቀዝ ሂደቱን ያዘገየዋል፤ እስከዚህ ድረስ ሰዎች ትክክል ናቸው። 4 ዲግሪ ላይ ያለ ፍሪጅ ከጠረጴዛ ይሻላል። ተራው የ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ፍሪዘር ግን ሌላ ጉድ አለው። ውሃ ቀስ እያለ በረዶ ሲሆን በረዶው የሚወስደው ንጹሁን ውሃ ነው። የተሟሟውን ሁሉ ወዳልረጋችው ጥቂት ፈሳሽ ይገፋዋል። እዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ አሲዱም፣ ናይትራይቱም፣ ፐርኦክሳይዱም ተጨናንቀው ይገናኛሉ። ያዘገያል ያልነው ቅዝቃዜ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ተራ ፍሪዘር ከፍሪጅ ሊብስ ይችላል። የተሻለው በፍጥነት አቀዝቅዞ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ማስቀመጥ ነው፤ ይህ ማሽን ደግሞ ሁሉ ቤት የለም።

አንድ ተማሪ ነበረኝ። ጠርሙሱን ተራ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አስቀምጦ አወጣውና ባክቴሪያ ላይ ሞከረው። ባክቴሪያው ምንም ሳይመስለው አደገ። «ፕላዝማው አይሠራም» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ናይትራይቱን ለክተሃል ወይ አልኩት። «ፒኤቹን ለክቻለሁ፣ ያው ነው» አለኝ። ፒኤች የአሲዳማነት መለኪያ ነው፤ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል። እዚህ ላይ ነው የምበሳጨው! ናይትራይቱ አልቆም ውሃው አሲዳማ ሆኖ ይቀራል፤ ናይትሬቱም አለ። ፒኤች ብቻ የሚያይ ሰው የሞተውን ውሃ በሕይወት አለ ይላል። ናይትራይቱን ስንለካው የቀረ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሌላው ስህተት ደግሞ «ፕላዝማውን ለማገናኘት በውሃ ፋንታ ማንኛውም ፈሳሽ ይሆናል» የሚለው ነው። ባፈር፣ ማለትም ፒኤች እንዳይለዋወጥ የሚይዝ ጨው፣ ያለበት ፈሳሽ አሲዱን ይውጠዋል። ፒኤቹ 7 አካባቢ ስለሚቆይ ፐርኦክሳይድና ናይትራይት ሳይጣሉ ብዙ ይሰነብታሉ። ደስ ይላል፤ ግን አይናከስም። ፒኤች ከ4.7 ግድም ሲወርድ ነው የመግደል አቅሙ በደንብ የሚታየው። አንዳንዶች ሳይበላሽ አቆይተው ልክ ሊጠቀሙ ሲሉ አሲድ ይጨምሩበታል፤ ብልህ መላ ነው። ፕሮቲን ወይም አፈር የነካው ዕቃ ላይ ካፈሰሳችሁት ግን ጉልበቱ ቆሻሻው ላይ ያልቃል። መጀመሪያ እጠቡት።

ጠርሙስ ላይ ቀን ብቻ አትጻፉ፤ ሰዓቱን፣ የፈሳሹን ዓይነትና የተቀመጠበትን ሙቀት ጨምሩ። ናይትራይትና ፐርኦክሳይድን ከመጠቀማችሁ በፊት ለኩ። ስትለኩም ናሙናውን ለነገ አታሳድሩ፤ እዚያው ውስጥ እየተበላሉ ነው። እንደገና የምትሞክሩ ከሆነ አዲስ የተሠራውን ከተቀመጠው ጎን አድርጋችሁ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ፈትኑ።

«ጠዋት የሠራሁትን ከሰዓት ብጠቀምስ?» ለክተኸው ናይትራይቱ ካለ፣ ተጠቀም። ከሌለ ማሽኑ አጠገብህ ነው፤ አዲስ ሥራ።