የዝናብ ውሃ ለጓሮ አትክልት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ዶፍ ሲጥል ከጣሪያ ጠርዝ የሚወርደውን ውሃ ቆም ብላችሁ አይታችሁታል? መሬቱን ቦርቡሮ፣ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ያው ጓሮ ውሃ ይጠማዋል። ይህን ውሃ እንዳንይዝ የሚያደርገን ሁልጊዜ የገንዘብ እጥረት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከሰው የሰማነው ነገር ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ጣሪያዬ ትንሽ ነው፤ ምን ያህል ውሃ ሊሰጠኝ?»

ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲጥል 1 ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና 10 ሚሊሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ተረጭቶና ተንኖ ለሚቀረው አንድ አምስተኛውን ቀንሱ። 320 ሊትር ይተርፋል፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 16 ይሞላል። ስትለኩ ግን የጣሪያውን ተዳፋት ሳይሆን ጣሪያው የሚሸፍነውን መሬት ለኩ።

እንዲያውም የሚያስቸግረው የውሃው መብዛት ነው። ባለ 200 ሊትር በርሜል በአንድ ጥሩ ዝናብ ሞልቶ ይፈስሳል። ስለዚህ ከላይ በኩል ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ይኑረው። ቱቦውም ውሃውን ከቤቱ መሠረት አርቆ ያፍስሰው።

«ከሰማይ የወረደ ስለሆነ ንጹህ ነው»

ጣሪያው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጣሪያውን አጥቦ ነው የሚወርደው። እስቲ ሞክሩት። ደረቅ ከሰነበተ በኋላ ዝናብ ሲጀምር ከአሸንዳው የሚወርደውን የመጀመሪያ ውሃ በብርጭቆ ያዙ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ብርጭቆ ሙሉና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የመጀመሪያው ቀጭን ሻይ ይመስላል። ሥሩ ላይ አቧራ፣ የቅጠል ስብርባሪ፣ የወፍ ኩስ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ጥርት ያለ ነው።

ለዚህ ነው የመጀመሪያው ውሃ በርሜል ውስጥ መግባት የሌለበት። ለአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሊትር ይለፍ። ለ40 ካሬ ሜትር አንድ ጀሪካን ማለት ነው። ጣሪያው በጣም ከቆሸሸ ከዚያም በላይ ይለፍ። ያለፈው ውሃ ለዛፍ ሥር ይሆናል።

በርሜል ውስጥ የገባውም ቢሆን ተጣርቶና ጀርሙ ተገድሎ ካልሆነ አይጠጣም። ሰላጣና ጎመን ስታጠጡ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ፤ ከመብላታችሁ በፊትም በንጹህ ውሃ እጠቡት። ጣሪያው ከአስቤስቶስ የተሠራ ወይም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት አሮጌ ቀለም የተቀባ ከሆነ ግን ውሃውን ለሚበላ ነገር ባታውሉት ይሻላል።

«የዝናብ ውሃ አሲድ ነው፤ ተክል ያቃጥላል»

ንጹህ የዝናብ ውሃ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ወደ 5.6 ይጠጋል። ይህ ለስለስ ያለ አሲድነት አብዛኛውን ተክል አይጎዳም። ክሎሪን የለውም፤ ጨውና ኖራውም በጣም ትንሽ ነው። ተክል ሲወደው በዓይን ይታያል።

«በርሜል ማስቀመጥ ትንኝ ማርባት ነው»

ስጋቱ ትክክል ነው። ስህተቱ «ስለዚህ ይቅርብኝ» ማለቱ ላይ ነው። ክፍቱን የሰነበተ በርሜል ላይ ጎንበስ በሉ። ጥላችሁ ውሃው ላይ ሲያርፍ ቀጫጭን ነገሮች እየተጥመለመሉ ወደ ታች ይሰምጣሉ። ትንሽ ቆይተው ለመተንፈስ ይመለሳሉ። የትንኝ እጮች ናቸው። ሞቃት አየር ላይ እንቁላሉ በራሪ ትንኝ ለመሆን ከ7 እስከ 10 ቀን ይበቃዋል።

መፍትሔው ጥብቅ ክዳንና ቀዳዳው ከ1 ሚሊሜትር የማይበልጥ ወንፊት ነው። ወንፊቱ መግቢያው ላይ ብቻ ሳይሆን የትርፍ ውሃ ቱቦው አፍ ላይም ይሁን። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህኛውን ነው። የተዘጋ አሸንዳም ውሃ ስለሚያቁር ጥረጉት። በርሜሉን ባዶ ስታደርጉ የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ። የደንጊ በሽታን የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃው ጠርዝ ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ነው። የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ የሚመክር ሰው አይጠፋም። እባካችሁ አታድርጉት፤ ያንኑ ውሃ ነው አፈራችሁ ላይ የምታፈሱት። ክዳኑ ልጆችም እንዳይገቡ ይጠብቃል፤ በዚህ ቀልድ የለም።

ውሃው አረንጓዴ የሚሆነውም በብርሃን ነው። ብርሃን የማያሳልፍ፣ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ በርሜል ብትጠቀሙ አልጌ አይበቅልበትም።

«ፓምፕ ያስፈልገዋል»

ለትንሽ ጓሮ አያስፈልገውም። በርሜሉን 1 ሜትር ከፍ ብታደርጉት 0.1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። ለማጠጫ ባልዲና ለአጭር ጎማ በቂ ነው። ጥንቃቄው ሌላ ቦታ ነው። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ይመዝናል። መቆሚያው ደልዳላ መሬት ላይ በብሎኬት ይሠራ።

«ታንከር ከሌለኝ ምን ዋጋ አለው?»

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ጎተራ አፈሩ ራሱ ነውና። ከቤቱ መሠረት 3 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ጥልቀት የሌለው ቦይ ቆፍሩ። ከአሸንዳው የሚወርደውን ወደዚያ ምሩት። ቦዩ ውሃውን አዘግይቶ ያሰርገዋል። አፈሩ ላይ ኮምፖስት ጨምሩ፤ ከላይ ደረቅ ሣርና ቅጠል አድርጋችሁ ጉዝጓዝ አልብሱት።

ከዘነበ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጉና ጣታችሁን ወደ አፈሩ ስደዱ። አጠገቡ ያለው ራቁት መሬት ደርቆ ሲጠነክር፣ እዚህ ያለው አፈር ቀዝቀዝ ብሎ ጣታችሁ ላይ ይጣበቃል።