«አባል ከሆንኩ ሁሉም ተከፍሏል»፦ ስለ አባልነት ሕክምና የሚባለውና እውነታው

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ልጃቸው አሜሪካ ያለ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ስልክ ሲደወል ጨዋታው ከሰላምታ አልፎ ደም ግፊትና ስኳር ላይ ይደርሳል። «እኔ እዚህ በየወሩ እየከፈልኩ የራሴ ሐኪም አለኝ፤ ለእናንተም እንዲህ ያለ ክሊኒክ ብንፈልግ» ይላል ልጅ። ወሬው ቡና ላይ ይቀርባል። እዚያ ደግሞ ያብጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ለአንድ ትንሽ ክሊኒክ በወር ወይም በዓመት የአባልነት ክፍያ ይከፍላል። ክሊኒኩ የሚይዘውን ሰው ቁጥር ይገድባል። አባሉ ቶሎ ይቀጠራል፣ ሐኪሙ ሳይጣደፍ ያየዋል፣ ሲደውል የሚያውቀው ሰው ስልኩን ያነሳለታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያትል ከተማ ላይ ይህን አሠራር ካስጀመሩት አንዱ ሃዋርድ ማሮን ነው። የሲያትል ሱፐርሶኒክስ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሐኪም ነበር።

«አባል ከሆንኩ ሆስፒታሉም ተከፍሏል»

አልተከፈለም። ከሁሉም ስህተት ኪስ የሚያራቁተው ይሄኛው ነው።

የአባልነት ክፍያ የሚገዛው የሐኪሙን ጊዜ ነው። ቀዶ ሕክምና፣ አልጋ፣ ሲቲ ስካን፣ ስፔሻሊስት በዚህ ውስጥ የሉም። አሜሪካም ቢሆን አባሉ አብዛኛውን ጊዜ ኢንሹራንሱን ጎን ለጎን ይይዛል። አንዳንዱ ክሊኒክ እንዲያውም የአባልነቱን ተቀብሎ ለምርመራው ደግሞ ኢንሹራንሱን ያስከፍላል። «ዳይሬክት ፕራይመሪ ኬር» የሚባለው ዓይነት ግን ከኢንሹራንስ ጋር ጭራሽ አይነካካም፤ በወር ክፍያው ብቻ ይሠራል።

እኛ ጋ ግራ መጋባቱ አይገርምም። ጎጃም ውስጥ «የጤና አባል ነህ ወይ?» ሲባል ሰው የሚያስበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መድኑ ለሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የራሳችን ደቡብ አቸፈር ነበር። የመድኑ አሠራር እንደ እድር ነው። ሁሉም ያዋጣል፣ ለደረሰበት ይወጣል። ቤተሰቡ በዓመት ይከፍላል፣ ደብተር ይይዛል፣ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፣ ሪፈር ከተጻፈለት ሆስፒታል ይሄዳል። መክፈል ለማይችል ድሃ መንግሥት ይሸፍናል። የክሊኒክ አባልነት ውስጥ ግን ለደረሰበት የሚወጣ የጋራ ካዝና የለም።

ስለዚህ «ልጄ ክሊኒክ አስገብቶኛል» ብሎ የመድኑን ደብተር ሳያሳድሱ መቅረት አደገኛ ነው። አባትዎ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ቢሰበር የክሊኒኩ ሐኪም ያያቸዋል፣ ማስታገሻ ይሰጣል፣ ሪፈር ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከኪስ ነው። ሌላም ነገር አለ። መድኑ ውል ከገባበት ጤና ተቋም መነሳትን ይፈልጋል፤ የግል ክሊኒክ የጻፈው ሪፈር ላያገለግል ይችላል። ሰው ሳይታመም ወረዳው የጤና መድን ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

መድኑ ራሱ ችግር የለበትም እያልኩ አይደለም። «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ» መባልን የማያውቅ ማን አለ? ቢሆንም ክሊኒክ አባል መሆን ያንን ቀዳዳ አይደፍንም። መድኃኒቱን ያኔም የሚገዙት እርስዎ ነዎት።

«ይሄ የሀብታም ነገር ነው»

ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቁ አሉ። በወር ከ100 ዶላር በታች የሚያስከፍሉም አሉ። «የአባልነት ሕክምና» የሚለው ስም ብቻውን ዋጋውን አይናገርም።

«ትንሽ ክሊኒክ ምን ታውቃለች?»

ማነሷ እኮ ነው ዋናው ነገር። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው አሠራር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሐኪም ሁለት ሺህ ያህል ሰው ሊይዝ ይችላል። ኤምዲቪአይፒ የሚባለው የአባልነት ሐኪሞች ኔትወርክ ለአንድ ሐኪም ያስቀመጠው ጣሪያ 600 ሰው ነው። የሐኪሙ ዕውቀት በዚህ አይጨምርም። ግን ጥቂት ደቂቃ የነበረው ግማሽ ሰዓት ሲሆን እናት የደም ግፊት ክኒኑን ለምን እንዳቆሙት ለመናገር ጊዜ ያገኛሉ። ምናልባት ጸበል ስለጀመሩ ነው፣ ምናልባት ጾም ስለገባ። ይህን ማንም ላብራቶሪ አያወጣውም።

የትንሽነት ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። ሐኪሙ አንድ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ለስልጠና በሄደ ሳምንት ማን ይተካዋል? ለዚህ መልስ ለሌለው ክሊኒክ የዓመት ክፍያ በአንዴ አልሰጥም።

«የሐኪሜ ስልክ እያለኝ ድንገተኛ አያሳስበኝም»

ኧረ ያሳስብዎ። ፊት በአንድ በኩል ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ደረት ከጨመደደ፣ ወላድ ደም ከፈሰሳት መጀመሪያ የሚደወለው ለአምቡላንስ ነው፤ መኪና ከተገኘም ቶሎ ሆስፒታል። ሐኪሙ በኋላ ይሰማል። ደግሞም ኔትወርክ የጠፋ ዕለት፣ መንገድ የተዘጋ ዕለት የ24 ሰዓት ስልክ ምን እንደሚፈይድ እናውቀዋለን። የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

«ከፍዬማ ግሉኮስ ሳልወስድ አልወጣም»

የተለመደ ነው። መርፌ ያልወጋ ሐኪም እንዳላከመ ይቆጠራል። የአባልነት ሐኪም ጥቅሙ ግን እዚህ ጋ ነው። በአባልነት ክፍያው ብቻ የሚሠራ ከሆነ በመርፌና በምርመራ ብዛት ስለማይከፈለው አላስፈላጊውን ለመጨመር የሚገፋው ነገር ይቀንሳል። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ከከለከለዎት ገንዘብዎ ሥራውን እየሠራ ነው። ጥሩ ባለሙያ እምቢ ሲል ማየት ለእኔ ደስ ይለኛል። እኛ ቤት ግን የሚስማማኝ የለም።

«ክሊኒኩ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ያለ ወረፋ ያስገባኛል»

አያስገባም። ወደየት እንደሚሄዱ ይነግርዎታል፣ ያለፈውን ሕክምናዎን አጥርቶ ይጽፍልዎታል፣ የሚያውቀው ስፔሻሊስት ካለ ይደውላል። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ግን ለሁሉም ወረፋ ነው፣ ሌላው የባሕር ዳር ሆስፒታል ጥበበ ግዮንም ቢሆን።

«ሳልታመም ሐኪም ምን ያደርግልኛል?»

ደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። ስኳርም መጀመሪያው ላይ ድምፅ የለውም። ዕድሜ ለገፋ፣ ሁለት ሦስት መድኃኒት በአንዴ ለሚወስድ ሰው የሚከታተል አንድ ሐኪም መኖሩ ትርጉም አለው። ለሃያ አምስት ዓመት ጤነኛ ልጅ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢውል ይሻላል። ለክትባት፣ ለቤተሰብ ዕቅድ፣ ለእርግዝና ክትትል ጤና ኬላውና ጤና ጣቢያው አሉ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ለዚሁ ነው የተመደበችው።

«ሐኪሙ ጥቂት ሰው ቢይዝ ማንን ይጎዳል?»

ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሐኪም ከሁለት ሺህ ወደ ስድስት መቶ ሲወርድ የቀሩት ሰዎች ሌላ ሐኪም መፈለግ አለባቸው። ይህ ክርክር አሜሪካ ውስጥም ከተነሳ ቆይቷል። የቤተሰብ ሕክምና የስፔሻሊቲ ትምህርት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፤ ገና ብዙ ሐኪም አላፈራንም። ስለዚህ ልጆች ለወላጅ ክሊኒክ ሲፈልጉ ከጤና ጣቢያ ሥራው ሳይወጣ በትርፍ ሰዓቱ ጥቂት አረጋውያንን የሚከታተል ሐኪም ቢያገኙ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት፣ ቤት ድረስ ይመጣ እንደሆነ፣ አባልነት ሲቋረጥ ቀሪው ገንዘብና የሕክምና ካርዱ ምን እንደሚሆኑ በአማርኛ ተጽፎ ይፈረም። አንዱ ቅጂ ወላጆች እጅ ይቀመጥ፤ ሌላው ፎቶ ተነስቶ ለከፋዩ ልጅ በቴሌግራም ይላክ።