የቆሻሻ ጉዞ በዲጂታል መዝገብ፦ ከደብረ ብርሃን ሲታይ

የቆሻሻ ጉዞ ዲጂታል ክትትል ከአንድ ድርጅት ግቢ የወጣ ቆሻሻ ዓይነቱ፣ ክብደቱ፣ ማን እንደጫነውና የት እንደተራገፈ በመንግሥት የመረጃ ቋት የሚመዘገብበት አሠራር ነው። የወረቀት መረካከቢያ በላኪውና በተቀባዩ መሳቢያ ውስጥ ለየብቻው ይቀመጣል። ዲጂታሉ መዝገብ ግን ሁለቱ የጻፉትን ቁጥር ጎን ለጎን ስለሚያቆም በመንገድ ላይ የጎደለ ጭነት ቶሎ ይታያል።

ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሠራሩን በአደገኛ ቆሻሻ ላይ ግዴታ አደረገች፤ ጣሊያን በ2025 ተከተለች። እንግሊዝ አሠራሩን ግዴታ የማድረግ ሥልጣን ያገኘችው በ2021 የአካባቢ ጥበቃ ሕጓ ሲሆን፣ የሚጀመርበት ቀን ደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ ጥቅምት 2026 ላይ ተቆርጧል። መጀመሪያ የሚገደዱት ፈቃድ ያላቸው ቆሻሻ ተቀባዮች ናቸው፤ የአጓጓዦች ተራ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብልህነት አለው። ተቀባዮች በቁጥር ጥቂት፣ በአድራሻ የታወቁ ናቸው፤ ሚዛንና በር ጠባቂም አላቸው።

የሰሜን ሸዋዋ ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በደሴ መንገድ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። ከነባሩ የብርድ ልብስ ፋብሪካ በተጨማሪ የዳሸንና የሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች እንዲሁም በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አሉባት። የጨርቅ ቁርጥራጭ፣ ካርቶን፣ ስብርባሪ ጠርሙስና የኬሚካል በርሜል በየቀኑ ከእነዚህ ዓይነት ግቢዎች ይወጣል።

ገዢ ያለው ቆሻሻ ያለ ኮምፒውተርም ክትትል አያጣም። በዚህ ረገድ የቢራ አተላን የሚተካከል ምሳሌ የለም። አካባቢው ወተት አምራች በመሆኑ አተላው ገና ከፋብሪካው ሳይወጣ ፈላጊ አለው፤ ላም ያለው ሰው በጋሪም በአይሱዙም ይጭነዋል። ሕጉ ይህን "ቆሻሻ" ብሎ ቢፈርጀው ባለ ጋሪው ሁሉ የቆሻሻ አጓጓዥነት ፈቃድ ሊጠየቅ ነው። እንግሊዝ ውስጥም ለመኖ የሚሸጥ የቢራ አተላ እንደ ተጓዳኝ ምርት እንጂ እንደ ቆሻሻ አይታይም። ፕላስቲክና ብረታ ብረትም በልዋጭና በቁራሌው እጅ አልፈው ወደ አዲስ አበባ ያቀናሉ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ በየትኛውም መዝገብ ባይሰፍርም ከብዙ መሥሪያ ቤት የተሻለ ቆሻሻ የሚለዩት እነሱ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክትትል በእርግጥ የሚያስፈልገው ገዢ ለሌለው ነው፦ ለተቀላቀለው ደረቅ ቆሻሻ፣ ለተቃጠለ ዘይት፣ ለጤና ተቋማት ቆሻሻ። ለእነዚህ ባለቤቱ የሚከፍለው እንዲወሰዱለት ነው፤ ከተወሰዱ በኋላ ገደል ቢገቡም የሚጎድልበት ነገር የለም።

ለክትትሉ መነሻ የሚሆን ሕግ አገራችን ውስጥ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ደረቅ ቆሻሻ መሰብሰብና ማጓጓዝ ከከተማ አስተዳደር ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን ደንግጎ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ስለ አደገኛ ቆሻሻ አዋጅ ቁጥር 1090 ወጣ። የ2017ቱ አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ደግሞ በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የታወቀው የፕላስቲክ ከረጢት በመከልከሉ ነው። የእንግሊዝን ቅደም ተከተል ወደዚህ ለማምጣት የመጀመሪያው ወጪ ለሶፍትዌር መሆን የለበትም። በማስወገጃው ስፍራ አጥር፣ የመኪና ሚዛንና ፈረቃ የሚጠብቅ መዝጋቢ ከሌለ ስልክ ላይ የሚሞላው ቁጥር የሾፌሩ ግምት ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ጉዳይ ኔትወርክ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ መረጃውን ስልኩ ላይ ይዞ መስመር ሲመለስ የሚልክ፣ አለዚያም ባለ ሦስት ቅጂ ካርኒ በመጠባበቂያነት የሚቀበል አሠራር ያስፈልጋል። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ባሉት የሰሜን ሸዋ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ጥቂት ነጋዴዎችን ለመከታተል ካርኒው ብቻውን ይበቃል።

በቦቴ ካልተጫነ በቀር ፍሳሽ በዚህ መዝገብ አይያዝም። ከደብረ ብርሃን የሚወርደው ፍሳሽ በሬሳ ወንዝ ከገባ መንገዱ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ነው፤ በር ላይ የሚመዝነው የለም። እሱን የሚመለከተው በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ሲሆን፣ ማስረጃው የሚገኘውም ከወንዙ ከሚቀዳ የውኃ ናሙና ነው።