ሆርሞን አዛቢ ኬሚካል ምንድን ነው?

ወንጂና አዳማ ዙሪያ በጉድጓድ ውሃ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ ጥርሱ ያሳብቅበታል፤ በልዟል። ምክንያቱ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ የሚበዛው ፍሎራይድ እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ብዙም የማይስተዋለው ሌላ ነገር ነው። በ25 ዓመቱ ከጎጃም ለሥራ ወንጂ የመጣ ሰው ያንኑ ውሃ 20 ዓመት ቢጠጣ ጥርሱ አይበልዝም (አጥንቱ ሊጎዳ ይችላል፤ ያ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው)። እዚያው ተወልዶ እስከ 8 ዓመቱ የጠጣ ልጅ ደግሞ ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ የፈለገውን ንጹሕ ውሃ ቢጠጣ ጥርሱ አይመለስለትም። የጥርስ ሽፋን የሚሠራው አንዴ ብቻ ነው፤ በዚህ መልክ የሚበላሸውም ሲሠራ ነው።

ፍሎራይድን ያነሳነው ለምሳሌነቱ ነው። የመራቢያ አካላትም እንደዚያው አንዴ ይሠራሉ፤ የሚሠሩትም በሆርሞን፣ ማለትም አካል አመንጭቶ በደም በሚልከው ንጥረ ነገር፣ ትእዛዝ ነው። ሆርሞን አዛቢ የሚባለው ከውጭ ገብቶ ያንን ትእዛዝ የሚያውክ ኬሚካል ነው። ሦስት መንገድ አለው። አንዳንዱ ራሱን ሆርሞን አስመስሎ ያልታዘዘውን ያዛል። አንዳንዱ የሆርሞኑን መቀመጫ ቀድሞ ይይዝና ሥራ ያስፈታዋል፤ ዲዲቲ በሰውነት ውስጥ ሲፈርስ የሚቀረው ዲዲኢ የወንድ ሆርሞን ላይ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሌላው ሆርሞኑ እንዳይመረት ያደርጋል፤ ፕላስቲክ የሚያለሰልሱት ፋታሌቶች በአይጥ ጽንስ ቆለጥ ላይ ያሳዩት ይኸው ነው። በትንሽ መጠን ሲገባ ብዙ ጊዜ አያስመልስም፣ አያሳክክም፣ ራስ አያዞርም። ለዚህ ነው እንደ ሌላው መርዝ የማይፈራው።

ጊዜው መቼ ነው? ወንድ ጽንስ ላይ ቆለጥ የወንድ ሆርሞኑን ቴስቶስትሮንን ማምረት የሚጀምረው በ8ኛው ሳምንት ገደማ ሲሆን፣ ከ8ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ወሳኙ ነው። በዚያ ወቅት ሆርሞኑ ካነሰ የሽንት ቀዳዳው ከብልቱ ጫፍ ሳይሆን ከታችኛው ጎኑ ሊከፈት፣ ቆለጡ ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ ሊቀር ይችላል። የወንድ ዘር የሚያሳድጉት ሰርቶሊ የሚባሉት ሕዋሳት ቁጥርም በጽንስነትና በልጅነት ይወሰናል፤ አዋቂው በቀን ሊያመርተው የሚችለው ዘር ጣሪያም በእነሱ ቁጥር ይወሰናል። አዋቂ ወንድ ዛሬ ቢመረዝ ዘሩ በ74 ቀን ገደማ እንደ አዲስ ስለሚሠራ፣ መነሻ ሕዋሳቱ እስካልሞቱ ድረስ ብዙ ጊዜ ያገግማል። በጽንስነቱ የጎደለበት ግን መተኪያ የለውም። ሴቷ ደግሞ የዕድሜ ልክ እንቁላሏን ይዛ ነው የምትወለደው፤ በ20ኛው ሳምንት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን የነበረው ስትወለድ 1 ወይም 2 ሚሊዮን ይሆናል። እርጉዝ ሴት ስትጋለጥ እንግዲህ ሦስት ትውልድ በአንድ ጊዜ ይጋለጣል፤ እሷ፣ በሆዷ ያለችው ልጅ፣ በልጅቷ ውስጥ ያለው እንቁላል።

ብዙዋ እናት ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእርግዝና ክትትል የምትሄደው ሦስተኛው ወር ካለፈ በኋላ ነው። ምክሩ ሲደርሳት 14ኛው ሳምንት አልፏል።

ይህ በአይጥ ብቻ የታየ አይደለም። ዲኢኤስ የሚባለው ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን (የሴት ሆርሞን) እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ እስከ 1971 አሜሪካ ውስጥ ጽንስ እንዳይወርድ እየተባለ ለነፍሰ ጡሮች ይታዘዝ ነበር። እናቶቹ ወዲያው የታየባቸው ነገር አልነበረም። ሴት ልጆቻቸው ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ግን ከ1,000 አንዷ ገደማ ያልተለመደ የብልት ካንሰር ያዛት፤ ከዚያ በብዙ እጅ የበለጡት የማህፀን ቅርጽ መዛባት፣ አለመጸነስ፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝና፣ ያለ ቀኑ መውለድ ገጠማቸው። ሁለተኛው የጣሊያኗ ሴቬሶ ናት። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1976 አንድ ፋብሪካ ዳዮክሲን የሚባል መርዛማ ኬሚካል ለቀቀባት። ከዓመታት በኋላ የወንዶቹ ዘር ሲመረመር፣ ያኔ ከ1 እስከ 9 ዓመት የነበሩት ቀንሶባቸዋል፤ ከ18 ዓመት በላይ በነበሩት ላይ ለውጥ አልታየም። አየሩ አንድ፣ ቀኑ አንድ፣ የለያቸው ዕድሜ ነው።

አንድ ልጅ ላይ ችግር ሲታይ ግን «ይህ ፕላስቲክ ነው ያመጣው» ብሎ መፍረድ አይቻልም። ዘር አለ፣ ያለ ቀን መወለድ አለ፣ ዝቅተኛ የልደት ክብደት አለ። በፋታሌትና ጠንካራ ፕላስቲክ በሚሠራበት በቢስፌኖል ላይ በሰው የተሠሩት ጥናቶች ዝምድና እንጂ እንደ ዲኢኤስ ጠንካራ ማስረጃ አያሳዩም። እናት ራሷን እንድትወቅስ የሚያደርግ ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

አዳማ ላይ መጋለጫው የት ነው? በእኛ ግምት ከወጥ ቤቱ ይልቅ ማሳው ይብሳል። ወንጂ፣ ቆቃ፣ መቂ ቲማቲምና ሽንኩርት ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት በብዛት ይረጫል፤ መድኃኒቱ ወደ ሰውነት የሚገባው በአብዛኛው በአፍንጫ ሳይሆን በቆዳ ነው። የጀርባ መርጫው ክዳን ወይም ጎማው ካፈሰሰ ጀርባና ሱሪ ይረጥባል። ሰውየው በዚያው ልብስ ቤት ይገባል፣ ልጁን ያቅፋል፣ ልብሱን ሚስቱ በእጇ ታጥባለች። እርጉዝ ከሆነች ያልረጨችውን መድኃኒት እሷ ታገኘዋለች ማለት ነው። ስለዚህ የርጭት ልብስ ማሳው ዳር ወልቆ በፌስታል ታስሮ ይምጣ፤ ከሽንት ጨርቅና ከሌላ ልብስ ተለይቶ፣ በጓንት፣ በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠብ፤ አጣቢው የረጨው ሰው ራሱ ቢሆን ይመረጣል። እርጉዝ ሴት አትበጥብጥ፣ አትርጭ፤ ከርጭት በኋላም መለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ለለቀማ አትግባ። የመድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው መርጫው ውስጥ ተመልሶ፣ ዕቃው ይበሳ። ሳይበሳ ከተጣለ አንድ ቀን ዘይት ወይም ጠላ ይቀዳበታል። ቲማቲም ማጠብ የላዩን ያስለቅቃል፤ ተክሉ ውስጥ የሚዘልቀውን ዓይነት ግን ውሃ አያወጣውም፤ ያንን የሚያድነው ገበሬው ቀኑን ቆጥሮ መልቀሙ ብቻ ነው።

ዲዲቲ ለብቻው ይነሳ። ለወባ ለአሥርተ ዓመታት ቤት ለቤት ተረጭቷል። ስብ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በቆቃና በሐዋሳ ሐይቅ ዓሣ ውስጥም ተለክቶ ተገኝቷል። ሌላ ዓሣ የሚበላና ስቡ የበዛ ዓሣ የበለጠ ያከማቻል፤ በዚህ ስሌት ቆሮሶ ከአምባዛ ይሻላል። ዓሣ መተው አያስፈልግም፤ ስቡንና ሆድ ዕቃውን ማውጣት ይበቃል። በእናት ጡት ወተትም ይወጣል፤ ቢሆንም የጡት ማጥባት ጥቅሙ ስለሚያመዝን ማንም እናት በዚህ ምክንያት እንዳታቆም።

ወጥ ቤት ውስጥ ሙቀት፣ ዘይትና ቆይታ ሲገናኙ ነው ከፕላስቲክ የሚወጣው። ትኩስ ጥብስ በፌስታል ሦስቱንም ያሟላል፤ በተለይ ጥቁሩ ፌስታል ብዙ ጊዜ ከምን እንደተሠራ የማይታወቅ ውዳቂ ፕላስቲክ ነው። በብረት ሳህን ይምጣ። ስለ ሃይላንድ የሚወራው ግን የተጋነነ ነው፤ የውሃ ጠርሙሱ ቁጥር 1 ፕላስቲክ ነው (ቁጥሩ ሥሩ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ ይጻፋል)፣ ቢስፌኖል አይሠራበትም። ፀሐይ ላይ ማዋሉ ባይመከርም ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ሥሩ ላይ 7 የተጻፈበት ጠንካራና ግልጽ ጡጦ ወይም ባለ 20 ሊትሩ የውሃ ጋሎን ነው። የሕጻን ጡጦ 5 የተጻፈበት ወይም ብርጭቆ ይሁን፤ ወተቱ በብረት ተዘጋጅቶ፣ በርዶ ይቀዳበት። ጥሩው ነገር ቢስፌኖልም ፋታሌትም በአንድ ሁለት ቀን በሽንት መውጣታቸው ነው፤ ዛሬ የተወ ሰው በሳምንቱ ልዩነቱ ሽንቱ ውስጥ ይታያል። ጨቅላ ላይ ሽቶ መርጨትና ጠረኑ የከበደ ቅባት መቀባትም ፋታሌት ሊኖርበት ስለሚችል እንዲሁ የሚቀር ነው።

ሲወለድ መታየት ያለበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቆለጥ፤ ልጁ ሞቅ ባለ ውሃ ሲታጠብ ሁለቱም በእጅ ይዳሰሳሉ። በ6 ወሩ ያልወረደ ካለ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ቀዶ ጥገናው 18 ወር ሳይሞላው ቢሠራ ይመረጣል፤ «ሲያድግ ይወርዳል» ተብሎ 5 እና 6 ዓመት የሚቆየው ልጅ የዘር ሕዋሱን እያጣ ነው የሚቆየው። ሁለተኛው የሽንት ቀዳዳው ነው። በ8ኛው ቀን ከመገረዙ በፊት ቀዳዳው ጫፉ ላይ መሆኑን፣ ሽንቱም ወደ ፊት መሄዱን ተመልከቱ። በታችኛው ጎን ከተከፈተ ወይም ብልቱ ወደ ታች ከታጠፈ ልጁ አይገረዝ። ሐኪሙ በኋላ ቀዳዳውን የሚጠግነው በዚያው በሸለፈቱ ቆዳ ነው፤ ከተቆረጠ ከሌላ ቦታ ቆዳ መፈለግ ይመጣል።