«አያመኝም» ማለት «ድኛለሁ» ማለት አይደለም

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለች ጠባብ ክሊኒክ ውስጥ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሜዳ ላይ ጉልበቱ የዞረበት፣ ከባጃጅ ሲወርድ የወደቀ፣ በክረምት ኮብልስቶን ያንሸራተተው ሁሉ እኛ ዘንድ ይመጣል። ብዙዎቹ ታዲያ የሚፈልጉት ሕክምና ሳይሆን ፈቃድ ነው፦ «ዶክተር፣ አሁን እኮ አያመኝም፤ እሁድ ልጫወት?» ዶክተር አይደለሁም፤ እሱን ማረሙን ትቼዋለሁ። «አያመኝም» የምትለዋን ግን መተው አልቻልኩም።

አንዱን ልንገራችሁ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ኳስ ሲጫወት እግሩ መሬት ላይ እንደተተከለ ሰውነቱ ዞረና ጉልበቱ «ቋ» አለ፤ ማታውን አብጦ አደረ። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት፣ ኤሲኤል የምንለው፣ ሲበጠስ ታሪኩ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ኦፕራሲዮን ተደርጎ ስድስት ወር ሲሞላው መጣ። ሕመም የለም፣ እብጠት የለም፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በሩጫ ይወጣል። ወለሉ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ሜትር ዘረጋሁ፣ በአንድ እግሩ ዘሎ በዚያው እግር እንዲያርፍ ነገርኩት። በደህናው 152 ሳንቲሜትር፤ በተጎዳው 106። «ሜትሩ ተጣጥፎ ነው» አለኝ። ሜትሩን ወጠር አድርጌ ረገጥኩለትና ደገመ፤ 104። ሲያርፍ ደግሞ ጉልበቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሌላው እግሩ ዘመም ይላል። ዝላዩ ከደህናው እግር ሰባ በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ወደ ሜዳ ለመመለስ የምንጠይቀው ቢያንስ ዘጠና ነው።

ሕመም የሚናገረው መገጣጠሚያው መቆጣቱን ነው፤ ቁጣው ሲበርድ ዝም ይላል። የጡንቻው ነገር ሌላ ነው። ጉልበት ሲጎዳና ሲያብጥ የፊት ጭን ጡንቻ በነርቭ በኩል ይታገዳል፣ በሳምንታት ውስጥ ይከሳል፣ ሕመሙ ስለጠፋ ብቻም ተመልሶ አይሞላም። አማርኛችን መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም «ጉልበት» ብሎ ይጠራዋል፤ ደንበኞቼ አንዱን ይዘው ሌላውን ይረሱታል።

ስድስት ወር ሞላኝ ብሎ ቀን መቁጠርም ያው ነው። ኖርዌይ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ነበር፤ ከኤሲኤል ኦፕራሲዮን በኋላ የኃይል፣ የዝላይና የመጠይቅ መለኪያዎችን ሳያልፉ ወደ ስፖርት ከተመለሱት 38.2 በመቶው ጉልበታቸውን ዳግም ጎዱ፤ ካለፉት ግን 5.6 በመቶው ብቻ። እስከ ዘጠነኛው ወር ድረስ መመለሻው አንድ ወር በዘገየ ቁጥርም አደጋው በግማሽ ያህል ይቀንስ ነበር። የዝላዩ ዘጠና በመቶም ቢሆን ያታልላል፤ ስድስት ወር ሳይሠራ የከረመው ደህናው እግር ራሱ ደክሟል። በዳሌና በቁርጭምጭሚት እየታገዘ ሩቅ የሚዘል ደካማ ጭንም አይቻለሁ። ለዚህ ነው አንድ ዝላይ የማይበቃን፦ ሦስት ተከታታይ፣ መስመር እያቋረጡ ሦስት፣ 6 ሜትር በአንድ እግር እየዘለሉ ስንት ሴኮንድ እንደፈጀ፣ ከዚያ ላይ የጡንቻውን ኃይል በመሣሪያ። ጭንን ከጉልበት ሎሚ 10 ወይም 15 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በሜትር መለካት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ ኃይልን አይነግርም።

ከደንበኞቼ የምሰማቸውን የቀሩትን አባባሎች ቶሎ ቶሎ።

«ወጌሻ ጅማቱን መለሰልኝ።» ጅማት ይለጠጣል ወይም ይበጠሳል፤ የተበጠሰ ጅማት በማሸት አይገጠምም። እብጠቱ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፣ ምስጋናው ለወጌሻው ይሆናል።

«ሲንኳኳ ተበላሽቷል።» ሕመምና እብጠት ከሌለው ተዉት ይንኳኳ።

«ማሰሪያ አድርጌ እጫወታለሁ።» የሚለጠጠው ማሰሪያ ያሞቃል፣ ልብ ይሰጣል። ጉልበት ሲዞር አይዝም።

«ሁሉም ነገር ኤምአርአዩ ላይ አለ።» ኤምአርአይ የሚነሳው ተኝታችሁ ነው። ጅማቱ መበጠሱን ያሳያል፤ ደረጃ ስትወርዱ ጉልበታችሁ ይክዳችሁ እንደሆነ ግን አያሳይም። ጅማታቸው ተበጥሶ ጉልበታቸው ፈጽሞ የማይከዳቸው ሰዎች አሉ። ላክማን የሚባለውን ምርመራ ስንሠራ ጉልበቱን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ አጥፈን የታችኛውን አጥንት ወደ ፊት እንስባለን፤ ያ የጅማቱን መላላት ይለካል። እግሩ ሰውን መሸከሙ ሌላ ልኬት ነው። ገና አብጦ ሳለ ደግሞ የኋላ ጭን ጡንቻ ስለሚገትር ላክማንም «ደህና ነው» ሊያስብል ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን ደህና ነህ የተባለ ሰው እብጠቱ ሲወርድ ተመልሶ ይታይ።

«መለካት ለስፖርተኛ ነው።» ይህቺ ታናድደኛለች። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት ልጃቸው «አንቺ ኳስ አትጫወች፣ ምን ያስለካሻል» ብሏቸው ሁለት ወር ዘገዩ። ሲመጡ ደረጃ ወርደው እንዲያሳዩኝ ጠየቅኳቸው። ሁልጊዜ የታመመውን እግር ያስቀድማሉ፣ ደህናውን አጠገቡ ያደርሳሉ፣ ብረቱን የያዘው እጃቸው ጅማቱ ተገትሯል። እሳቸውን አላዘልልም። በ30 ሴኮንድ ውስጥ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ስንቴ ከወንበር እንደሚነሱ ቆጠርኩ፦ ሰባት። ቁጢጥ ማለትና ስግደት እንዴት ነው አልኳቸው። «ስግደቱንስ ቆሜ አደርሰዋለሁ፤ ሽንት ቤቱ ነው የቸገረኝ ልጄ» አሉኝ። ከስድስት ሳምንት ልምምድ በኋላ አሥራ አንድ ደረሱ።

የመጨረሻዋ፦ «ደህናውን ለምን ትነካዋለህ? የታመመው ይሄኛው ነው።» ጉልበታችሁ ከመጎዳቱ በፊት ስንት ይዘል እንደነበር የጻፈላችሁ ስለሌለ ማነጻጸሪያዬ ደህናው እግር ብቻ ነው። ስትመጡ ጠባብ ጂንስ አድርጋችሁ አትምጡ፤ ቁምጣ ያዙ፣ ስኒከር ያዙ፤ ሁለቱንም እግር ነው የምለካው።