ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፦ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሕግን እንዴት ይተረጉማል?

ኮምቦልቻ ወረዳ ፍርድ ቤት የተረታ ሰው ይግባኝ ካለ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ባሕር ዳር ያለው የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው።

ብዙ ባለጉዳይ ይግባኝ ሲባል ክርክሩ እንደ አዲስ የሚጀመር ይመስለዋል። አይደለም። ምስክር መስማትና ማስረጃ መመዘን በዋናነት የሥር ፍርድ ቤት ሥራ ነው። የበላዩ መዝገቡን ይመረምራል፤ ፍሬ ነገሩ በትክክል ተለይቷል? ሕጉስ በትክክል ተተርጉሟል? ቅሬታው ካላሳመነው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 337 መሠረት መልስ ሰጪውን ሳይጠራ መዝገቡን ይዘጋል። «ያስቀርባል»፣ ማለትም ቅሬታው ክርክር ይገባዋል፣ ካለ ግን ግራ ቀኙን ሰምቶ ያጸናል፣ ያሻሽላል፣ ይሽራል፣ ወይም ነጥቡን ለይቶ ወደ ሥር ይመልሳል።

ጣጣው ያለው ትርጓሜው ላይ ነው። ድንጋጌው ግልጽ ከሆነ ዳኛው እንደተጻፈ ይሠራበታል። ካልሆነ ከአጎራባች አንቀጾች ጋር ያገናዝበዋል፣ የወጣበትን ዓላማም ያያል። የቤት ሽያጭን እንውሰድ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት ይመዝገብ ይላል። ሰው በሰፈር ውልና በእማኝ ፊርማ ቤት ሲገዛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያልተመዘገበው ውል ፈራሽ ነው ወይስ ምዝገባው ለማስረጃ ብቻ ነው? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔ ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት፣ በመዝገብ ቁጥር 21448 ምዝገባው የግድ ነው አለ። ኋላ ግን በመዝገብ ቁጥር 36887፣ ሻጩ መሸጡን ካመነ በምዝገባ ጉድለት ብቻ ውሉ አይፈርስም ብሎ አጠበበው። የአንቀጹ ቃል ግን ያው ነው።

የሰበር ትርጉም በሁሉም ፍርድ ቤት አስገዳጅ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ሲሆን፣ አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ነው። ለዚህም ችሎቱ ቢያንስ በአምስት ዳኞች መሰየም አለበት። ስለዚህ የደሴው ዳኛ የራሱ ንባብ ቢጥመውም የሰበሩን ይከተላል። ጠበቆች የሰበር ውሳኔ መድበሎችን ከሕጉ እኩል የሚያገላብጡት ወደው አይደለም።

ሰበር ራሱ ሌላ የይግባኝ እርከን አይደለም። የሚያየው የመጨረሻ ውሳኔ ላይ የተፈጸመ መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ብቻ ነው፤ «ምስክሬ አልታመነም» የሚል አቤቱታ እዚያ ብዙም አይራመድም።